ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ከተማ ከንቲባ፦ አይዞሽ የምትድንበት ቦታ ይሰጠን

ክቡር ከንቲባ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ውሻ ነው። ጠረጴዛዎ ላይ ምን ያህል ጉዳይ እንደተከመረ አውቃለሁ። ውሃው አለ፣ ኑሮው አለ፣ ሰላሙ አለ። እኔም እንደ ሰፈሬ ሰው ጀሪካን ይዤ የምሰለፍ ነኝ። ይህን ጉዳይ ግን ከእርስዎ ቢሮ ሌላ የሚፈታው ስላጣሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ሰጥተው እንዲያነቡኝ እለምንዎታለሁ።

ውሻዋ አይዞሽ ትባላለች። ስም ያወጣላት የለም። ያያት ሁሉ "አይዞሽ" ሲላት በዚያው ጸና።

ሐምሌ ላይ ነው ያገኘናት፣ ቀሃ ወንዝ ዳር፣ የፈረሰ አጥር ሥር፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረ ዕለት። ከጀርባዋ እስከ ጅራቷ ፀጉር የሚባል አልነበራትም። እከኩ ቆዳዋን አወፍሮ ሰነጣጥቆታል። ጆሮዋ ውስጥ መዥገር ተደርድሯል። አንድ የኋላ እግሯን አትረግጥበትም። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት በሌሎችም አይቻለሁ። እጄን ስዘረጋላት ያደረገችውን ግን አይቼ አላውቅም። አልጮኸችም፣ ጥርሷንም አላሳየችም። መሬት ላይ ተለጥፋ ሽንቷን ለቀቀችና ዓይኗን ጨፈነች። ዱላው እስኪያርፍባት እየጠበቀች ነበር።

እኛ አራት ሰዎች ነን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ናቸው። አራተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ድርጅት አይደለንም፣ ማኅተምም የለን። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አባት ባዶ ግቢያቸውን ያለ ኪራይ ሰጥተውን፣ የታመሙ ውሾችን እዚያ እያሳከምን የሚወስዳቸው ሰው እንፈልጋለን። አሁን 11 አሉን። አባባ ግቢውን ለልጃቸው ቤት ሊሠሩበት ስለሆነ ከጥምቀት በኋላ እንለቃለን። አልበደሉንም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ችለውናል፣ እግዜር ይስጥልን።

ከ11ዱ ለብዙዎቹ ቤት ይገኝላቸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የቸገረችን አይዞሽ ናት።

ውሻ ሊወስድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይጮኻል ወይ?" ነው። የሚፈልገው ዘበኛ ነው፣ አልፈርድበትም። አይዞሽ አትጮኽም። ሰው ሲመጣ ከበርሜሉ ኋላ ትገባለች። ሁለተኛው ጥያቄ "ወንድ ነው ሴት?" የሚል ነው። ሴት ውሻ ማንም አይፈልግም፤ በዓመት ሁለቴ ስትወልድ ቡችሎቹን የት ይጥላል? ወንዶቹስ በር ላይ ተሰብስበው ሲናከሱ ጎረቤት ምን ይላል? ብትመክን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እሷን ግን በዚህ አቅሟ ለቀዶ ሕክምና ማስተኛት አይቻልም፣ መጀመሪያ መጠንከር አለባት። ሦስተኛው ጥያቄ ቆዳዋን ካዩ በኋላ ይመጣል፤ "ይህ ነገር ወደ ልጆቼ ቢተላለፍስ?" እውነቱን እንናገራለን። የዚህ ዓይነት እከክ ሰውም ላይ ለጊዜው ማሳከክ ሊያመጣ ይችላል። ውሻው ሲታከም ያም ይጠፋል። ይህን ስንላቸው አብዛኞቹ አመስግነው ይሄዳሉ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቤተሰብ ወስዷት ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን መለሷት። ከወሰዷት ሰዓት ጀምሮ የማገዶ እንጨቱ ውስጥ ተወትፋ እህል አልቀመሰችም፣ ውሃ እንኳ የምትጠጣው ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ነው። የቤቱ እመቤት አይዞሽን ስትመልስልን "እኔ አልጠላኋትም፣ እሷ ናት የፈራችኝ" ብላ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ሰው ከተማችን ውስጥ አለ። የጎደለው ጊዜው ነው። ከሕመሟም ከፍርሃቷም ሳትድን አስቸኩለን ሰጠናት፣ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ የፈራ ውሻ እንዴት እንደሚድን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ቦታ የምለምንዎ ለዚሁ ነው። የእከኩ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል፣ በየሁለት ሳምንቱም ይደገማል። ለመውጋት ደግሞ መያዝ አለባት። በተያዘች ቁጥር የሁለት ሳምንት መቀራረብ በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ወደ በርሜሉ ትመለሳለች፣ እንደገና ከዜሮ። ኋላ ተማሪዎቹ አንድ ዘዴ አመጡ። የሚይዟትና የሚወጓት ሁልጊዜ እነሱ ሆኑ። እኔ ፈጽሞ አልይዛትም፣ የማበላት ብቻ ነኝ። በየቀኑ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያንኑ ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ፣ ጎኔን ሰጥቼ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ዓይኗን አላይም። የተቀቀለ ሳንባ ቆራርጬ አጠገቤ አኖራለሁ። ጥሬ አንሰጥም፣ ምክንያቱም በየበዓሉ የምንጥለው ሳንባና ጉበት ላይ ያለውን ውሃ የቋጠረ እጢ ውሻ ከበላ የኮሶ ትል ያድርበታል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ላይ ከባድ ሕመም ያመጣል። የሚታረድ ባለበት ግቢ ሁሉ ይህ ቢታወቅ ደስ ይለኛል።

እንዲህ እያልን ወር አለፈ፣ ሌላም ወር። በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ማለዳ፣ እኔ ወደ ሌላ እያየሁ፣ አንድ እርጥብ ነገር ክርኔን ነካኝ። አፍንጫዋ ነበር። አልተነቃነቅሁም። ትንፋሼን ዋጥኩ። አንድ ቁራሽ አንስታ ሄደች፣ ግን ወደ በርሜሉ አልሄደችም፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ እዚያው ተጋድማ በላች። አሁን ጀርባዋ ላይ ቡናማ ፀጉር ማቆጥቆጥ ጀምሯል። እግሯንም ትረግጥበታለች።

ከጥምቀት በኋላ ይህን ግቢ ስንለቅ ነው የምፈራው። መንገድ ላይ ከወጣች አንድ ሳምንት አትቆይም።

ሰው ውሻ ቢፈራ አይገርመኝም፣ እኔም ልጅ ሆኜ ጃንተከል አካባቢ እብድ ውሻ መጣ ተብሎ ሰው ሲተራመስ አስታውሳለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፣ ከመቶ 40ው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ነው። ግን መከላከል ይቻላል። ከከተማው ውሾች ከመቶ 70ው በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው መሄጃ ያጣል። ሰው ከተነከሰም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ከጀመረ ይተርፋል። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳል፣ ያቺ የባከነችው ጊዜ ናት ሰው የምትገድለው።

መከላከል ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ ደንቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ሕመምተኛ እስኪመጣ ሆስፒታል ከመጠበቅ ወደ ገጠር ወጥቶ በሽታን ከመነሻው መያዝን የተማሩ ጤና መኮንኖች ከዚህ ከተማ ነው የወጡት። ዛሬም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለን። ሐኪሙ አለ፣ ተማሪው አለ፣ ውሻውም አለ። እነዚህን አንድ ላይ የሚያመጣ ደብዳቤ ከእርስዎ ቢሮ ቢወጣ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ሰፈራችን ውስጥ መርዝ ያለበት ሥጋ ተጥሎ አገኘን። ማን እንደጣለው አላውቅም፣ ማንንም አልከስም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ውሾቹ እየተንፈራገጡ ነበር። ጥንብ አንሳም ሞቶ አይተናል። ከሞቱት ውስጥ አራቱን እኛው ከኪሳችን አውጥተን ያስከተብናቸው ነበሩ። ይህን የምነግርዎ ሐዘኔን እንዲካፈሉኝ ብቻ ብዬ አይደለም። የተከተበ ውሻ ሲሞት ለሰፈሩ አጥር የነበረው ነው የሚፈርሰው። ቆሻሻውና ትርፍራፊው እንዳለ ነው፣ ስለዚህ በወር በሁለት ወር ውስጥ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። እኛ ሰፈር የሆነውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን አያጠፋም ይላል።

ሌላም የሚታሰብ አለ። ወደ እኛ የሚመጣው ጎብኚ ፋሲልን አይቶ ወደ ስሜን ተራሮች ይቀጥላል፣ ሊያይ ከሚመኘው አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች፣ ግልገሎቹ ሳይቆጠሩ፣ ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተነሳ እብደት ብዙዎቹን ጨርሷል። ጎንደርና የስሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ በመንገድ የተገናኙ ናቸው፣ ውሻም ከሰው ጋር ይጓዛል።

አንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ይዤ ሄጄ "ሰው ተርፎ ነው ለውሻ?" ተባልኩ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። አሁን አለኝ። የውሻው ክትባት ለሰው ነው። አይዞሽ ስትከተብ የሚድነው ቀሃ ዳር ኳስ የሚጫወተው ልጅ ነው።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ከከተማው ዳር፣ ለሰው ቤት የማይሆን ቢሆንም እንኳ፣ አጥር የሚያርፍበት ጥቂት ካሬ ሜትር ለጊዜው ይፈቀድልን። ቆርቆሮውንና ቀለቡን እኛ እንችላለን፣ እትዬ ሰው ማስተባበር ያውቁበታል። በስማችን መሬት አንፈልግም፣ ባለቤቱ ከተማው ይሁን፣ ሐኪም መጥቶ ይቆጣጠረን። ክትባቱን በተመለከተ መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን በየቀበሌው አንድ ቀን ተቆርጦ ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ ይከተብ፣ ለተከተበው ቀይ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይደረግለት። ሰው ማሰሪያውን ሲያይ ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት ቆም ይላል። እኛ ግቢ ሞክረነዋል፤ ማሰሪያ ካሠርንላቸው ወዲህ የጎረቤት ልጆች በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። መርዝ ደግሞ እባክዎ ይቅር፤ ማንም ይጣለው ማን፣ ክልክል መሆኑ በግልጽ ይነገር።

ደብዳቤውን ሌላም ሰው ያነበዋልና ለእሱም አንድ ቃል አለኝ። አይዞሽን ለመውሰድ የሚያስብ ካለ የሚያስፈልጋት ይህ ነው። ጸጥ ያለ፣ አጥር ያለው ግቢ። ትንንሽ ልጆች የሌሉበት ቢሆን ይሻላል። ረጋ ያለ ሌላ ውሻ ካለ በጣም ጥሩ፣ ከውሻ ጋር ስትሆን ፍርሃቷ ይቀንሳል። የምትገባበት ጨለም ያለ ጥግ ይኑራት፣ ከዚያ ማንም ጎትቶ አያውጣት። የሚቀሩትን መርፌዎች እኛ መጥተን እንወጋለን፣ ስትጠነክር እናስመክናታለን፣ ገንዘብ አንጠይቅም። ከመውሰድዎ በፊት ግን ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማለዳ ማለዳ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡ። ሽታዎን ትልመደው። ሹራቤንም አብሬ እሰጣለሁ።

ክቡር ከንቲባ፣ የአራታችን ስምና ስልክ ያለበትን ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብተናል። ሰው ልከው ግቢውን ቢያዩልን ደስ ይለናል። ሲመጡ በሩን ቀስ ብለው ይክፈቱት፣ እሷ ያለችው በስተግራ በርሜሉ አጠገብ ነው። ቀጣዩ መርፌዋ የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ጠዋት እኔ እዚያ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጎንደር ነዋሪ