ለደንበኞቻችን፦ ሰርቨሮቻችንን ስለመቀየራችን

ደብረ ማርቆስ

ለተከበራችሁ የኢንተርኔት ደንበኞቻችን

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሌሊት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ጧት ስልካችን ሲጮህ አብዛኞቻችሁ ያላችሁን አንድ ነበር፤ «ቴሌግራም ይሠራል፣ ሌላው ግን አልከፍት አለ።» መስመሩ ደህና ነበር። የወደቀው የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ የአድራሻ ቁጥሩን ፈልጎ የሚሰጣችሁ የእኛው ማሽን (ዲኤንኤስ የሚባለው) ነው፤ ቴሌግራም የራሱን ሰርቨሮች ቁጥር ይዞ ስለሚዞር አላስፈለገውም። እውነቱን ለመናገር ማሽኑም ሰርቨር፣ ማለትም ቀን ከሌሊት እንዲሠራ የተሠራ ኮምፒውተር፣ አልነበረም፤ ሥራ ስንጀምር የገዛነው ተራ ዴስክቶፕ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል)። ስለዚያ ቀን ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ሁለት ሰርቨር ገዝተናል፤ ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። «በዚያው ብር አንድ አዲስ አትገዙም ነበር?» የሚለን አይጠፋም፤ እኛም ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበታል። ያሸነፈው መንገዱ ነው። አንድ ዕቃ ቢቃጠል ምትኩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይይዛል፤ ሲብስም ከአንዱ ነቅለን ለሌላው እንገጥማለን።

እያንዳንዱ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው፤ የሚሰኩትም በተለያየ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ነው። ሁለት ዲስኮችም አንዱን ነገር እኩል ይጽፋሉ። ይህ ግን ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይደለም፤ በስህተት የጠፋ ከሁለቱም ላይ ይጠፋልና መዝገባችሁ በየሌሊቱ ሌላ ቦታ ይገለበጣል። ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ስህተቱን ራሱ የሚያርም፣ ኢሲሲ የሚባለው ነው። ለፕሮሰሰር ፍጥነት ብዙ አላወጣንም፤ ስም መፈለግና የይለፍ ቃል ማረጋገጥ ጉልበት አይፈጅም።

«ማርቆስ ብርድ ነው፣ ምን ያሞቀዋል?» ብሎን ነበር ሻጩ። የብዙ ሰርቨሮች መመሪያ ግን እስከ 35 ዲግሪ ይፈቅድና ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ቢሽከረከርም ሙቀቱን እንደ ቆላው አይወስድም። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ የእኛ ልክ ወደ 30 ወርዷል። በበጋ፣ ቆርቆሮ ሥር የተዘጋ ክፍል ቀትር ላይ ይህን ያልፋል። ማሽኖቹን ጥላ ወዳለው የኋላ ክፍል ያዛወርነው ለዚህ ነው።

የድሮው ማሽን የሚሠራው ሴንት ኦኤስ 7 በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ማሽኑን በሚመራ ሶፍትዌር) ነበር። ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ በነጻ አይደፈንም። ዘግይተናል። ዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃዱ በፕሮሰሰር ኮር ቁጥር የሚከፈል ስለሆነ ቶሎ ተውነው። ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ከመካከላችን አንዱ በጣም ይወደዋል፣ ለኔትወርክም ግሩም ነው፤ ግን እሱ ለቅሶ ሊደርስ ደጀን የሄደ ቀን ማን ይነካዋል? ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ደቢያን 12ን መረጥን። ከወጣበት ከሰኔ 2015 ዓ.ም ጀምሮ አምስት ዓመት የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛል፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅም እዚሁ አይጠፋም።

ለውጡ የሚደረገው በመጪው ቅዳሜ ሌሊት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ በመሀል ይቋረጣል። የዲኤንኤስ ቁጥር በእጃችሁ የጻፋችሁ ወደ አውቶማቲክ መልሱት፤ የድሮው ቁጥር ከዚያ በኋላ አይሠራም። ሆቴልና ካፌ ያላችሁ እሑድ ጧት ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ወርሃዊ ክፍያችሁ አልተነካም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር