ሙቀቱ ሳያንስ ሲስተም የለም

ሰላም አዘጋጆች፣ ከድሬዳዋ ነው። እንዴት ነህ ለሚሉኝ ሁሉ፣ ስራ አማሮኛል። ከጅቡቲ የገባ እቃ ዶክመንት ነው የምንሰራው፣ ጠዋት ኮምፒውተር ስትከፍት ሲስተም የለም፣ ሾፌሮቹ መኪናቸውን ደርድረው በዛ ፀሐይ ይጠብቃሉ፣ በመስኮት ወረቀት እየዘረጉ የሚጮሁት እኛ ላይ ነው፣ አለቃ ወጥቶ አንድ ቃል አይነግራቸውም። ያናድዳል አቦ! መቼ እንደሚመለስ እንኳን ይነገራቸው፣ የሰው ቀን ነው እኮ የሚቃጠለው።

ነፍሴ የምትመለሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ሻይ፣ ከዛ ደረቁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ። ልጆቹ ድንጋይ ጎል አድርገው በባዶ እግር ሲጫወቱ ችሎታቸውን ብታዩ! ግን በ1998 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ጎርፍ የወረደው በዚሁ ወንዝ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ያሳስበኛል። ሜዳ ይሰጣቸው፣ እናንተም ከፕሪምየር ሊጉ ገፅ ትንሽ ቦታ ለነሱ ስጧቸው።