ዘይነብ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት

እማ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የደሴ ብርድ ሰሞኑን ከፍቷል አሉ። ጦሳ ጉም ሲለብስ ፀሐይ እስክትወጣ ከቤት አትውጪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጆቹ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ጻፍኩት። ዘይነብ ታንብብልሽ።

ወጥ መሥራት እየተማርኩ ነው እማ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ። ሰዓዳ የማታ ሺፍት ስትገባ እራት የምሠራው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሽሮ ሠራሁ፣ ጓጎለብኝ። አሁን ምስሩንም፣ ጎመኑንም፣ ቂንጬውንም እሠራለሁ። እንጀራው ገና ነው። ሊጡን አቡክቼ እርሾ እስከ መጣል ደርሻለሁ፣ አብሲቱ ላይ ግን ሰዓዳ ትረዳኛለች።

ብዙ የተማርኩት ከቁሌት ነው። ሽንኩርቱን በደቃቁ እከትፈዋለሁ። ከዚያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ እሳቱን ቀንሼ አቁላላለሁ። መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ዘይቱ በኋላ ነው የሚገባው፣ እሱም በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ። ለአራት ሰው ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ያኔ መኪና ስነዳ መንገድ ላይ የምበላው ጥብስ በዘይት ይዋኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ባቲ ምሳ፣ ሚሌ እራት፣ በየመሐሉ ለስላሳ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲያ ነው የበላሁት።

ምስሩ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። አንቺ በስልክ የነገርሽኝን ያህል ጣድኩት፣ ሟሟ። ጎረቤታችን የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ እሱ አስረዳኝ። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ እዚህ ኮምቦልቻ 94 ገደማ ይደርሳል። ሽምብራው አልበስል ሲልሽ እንጨቱን ትራገሚ ነበር። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም፣ የደሴ ከፍታ ነው። ይህን ስሰማ ወላሂ ሮጬ መጥቼ ልነግርሽ አማረኝ።

ቁሌቱ ሲሸተኝ ግን ሁሌ አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። አንቺ ታስታውሺው እንደሆን አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጎረቤቶች ቡና ላይ ነበሩ፣ ቶናው እየተቀዳ። ድስቱ ሊያር ሲል ሸተተኝና ማጀት ገብቼ አማሰልኩት። መጣሽ። ማማሰያውን ቀማሽኝና እጄን መታሽኝ። ምቱን ረስቼዋለሁ። «ሴታ ሴት ልትሆን ነው?» ያልሽኝን ግን አልረሳሁትም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሴቶቹ ሳቁ። ድስቱን ከማረር አድኜልሽ ነበር እኮ እማ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማጀት አልገባሁም። ላጤ ሆኜ ስኖር እንኳ እንቁላል መጥበስ አላውቅም ነበር።

እኔ ከማጀት ስወጣ ዘይነብ ገባች። ከስምንተኛ ክፍል ቀረች። ዘይነብ፣ ይህንንም አንብቢላት፣ አትዝለይው።

አልወቅስሽም ልል ነበር። ውሸት ይሆንብኛል። ትንሽ እወቅስሻለሁ። ግን አንቺ የ77ቱን በዓይንሽ ያየሽ ሰው ነሽ። ሳህን ባዶ ሲሆን ለምን እንደምትደነግጪ፣ ለምን «ጨምር፣ ጨምር» እንደምትይ ይገባኛል። እኛን ማጥገብ ለአንቺ ምን ማለት እንደነበር ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። አላህ ይስጥልኝ። ያጎረስሽኝን እጅ አላህ አያሳጣኝ።

ስለዚህ ነው ይህን ማለት የከበደኝ፦ ጨው ቀንሺ። ለአረፋ የሠራሽው ወጥ ጨው በዝቶበት ነበር። ሁላችንም ዝም ብለን በላን። ዘይነብ ሁለት ጊዜ ስትጨምሪ አይቻለሁ አለችኝ። ዓይንሽ ነው፣ ሐሳብ ይዞሽ ነው፣ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ የቀኑ ሁሉ ተደምሮ። በርበሬው ውስጥ ጨው አለ፣ ዳቦው ውስጥ አለ፣ ቡናሽንም በጨው ነው የምትጠጪው። ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ክኒኑንም ሻል ሲልሽ አትተይው። ረመዳን ሲገባ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሰዓቱን ለስሁር ወይም ለኢፍጣር ያስተካክልልሻል። በዚያው ዓይንሽንም ይዩሽ። ዘይነብ ትወስድሻለች።

ሐናን ሦስተኛ ወጣች። ረድዋን የፊት ጥርሱ ወለቀ፣ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል። ማታ ማታ ሽንኩርት የሚልጥልኝ እሱ ነው። ጓደኞቹ ምን ይሉት ይሆን ብዬ ሰጋሁ፣ እሱ ግን ትምህርት ቤት ሄዶ «ሽሮ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ አውርቷል። ስንበላ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ። ስልኬንም መኝታ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ከአንድ ትሪ እንበላለን። ቀስ ብለን፣ እያወራን፣ እየተጎራረስን። ሆድ መጥገቡን ለማወቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል ይላሉ። እኔ መንገድ ላይ በአምስት ደቂቃ ነበር የምጨርሰው፣ ዓይኔ ስልኬ ላይ ሆኖ ምን እንደበላሁ እንኳ ሳላውቅ። የሆድ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለውሃ፣ ሲሶው ለትንፋሽ የሚለውን ሐዲስ አባባ ማዕድ ላይ ይነግረን ነበር። እሱ ራሱ አልሆነለትም፣ አላህ ይዘንለት።

አሁን ልንገርሽ። መኪናውን የተውኩት ለልጆቹ ብዬ ነው ያልኩሽ ሙሉው እውነት አይደለም። ስኳር አለብህ ተብያለሁ። በባዶ ሆድ ተመርምሬ 168 ነበር። ከ126 ጀምሮ ስኳር ነው ይላሉ። በሌላ ቀን ደገሙት፣ ያው ሆነ።

አብሽሪ እማ። አታልቅሺ። ዘይነብ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አርፈሽ ቀጥይ።

ክኒን እውጣለሁ። በእግሬ ቦርከና ድረስ እየሄድኩ እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ 131 ወርዷል። እንጀራ አልተውኩም፣ ሁለቱን አንድ አደረግኩት እንጂ። ጎመንና ምስር አበዛለሁ። ለስላሳ ከነጭራሹ ትቻለሁ። የአባባን እግር አታስቢ። እሱ ዘግይቶ ነው የተመረመረ፣ እኔ ቶሎ ደርሼበታለሁ። ያንቺ ምግብ ያመጣብኝም እንዳይመስልሽ። አባባም ነበረበት፣ በዘር ይመጣል። ቀሪው የመንገዱ ነው፣ መቀመጡና ያ ሁሉ ዘይት።

እሑድ ሐረጎን ወጥቼ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። አድሬ ሰኞ ገበያ አብረን ወርደን በርበሬ እንገዛለን። ያንን የዱባ ወጥሽን እንድታሳይኝ እፈልጋለሁ። ሰዓዳም እንዳንቺ አይሆንላትም። አንቺ መደብ ላይ ተቀመጪና ንገሪኝ፣ እኔ አማስላለሁ። ጎረቤቶች ቡና ላይ ቢኖሩም በሩን አትዝጊው።

ሻይ ስታፈዪልኝ ስኳር አታድርጊበት። ቀረፋው ይበቃኛል።

ልጅሽ
ከኮምቦልቻ