ሰሌዳውን ያነሳው ሞተር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ አንድ ፎቶ አውጥታችኋል። ሰውዬው ሰሌዳ ላይ ቆሟል፤ ሰሌዳው ደግሞ ከውሃው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከሥሩ «በሞተር ኃይል የሚንሳፈፍ ሰሌዳ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ጽሑፉም ባህር ስለሌለን ነገሩ ለእኛ አገር እንደማይሆን ይናገራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኔ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ በርና መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ዋና እንኳ አልችልም። ስህተታችሁን ያወቅሁት ዕቃውን ራሴ ሠርቼ፣ ራሴ ደጋግሜ ስላበላሸሁት ነው።

ሞተር ያለው ዓይነት አለ፣ አልክድም። እናንተ ባወጣችሁት ፎቶ ላይ ግን ከሰሌዳው ሥር ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ታች የሚወርድ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጫፍ አግዳሚ ዘንግ፣ ከዘንጉ ፊት ትልቅ ክንፍ፣ ከኋላ ትንሽ ክንፍ። በቃ። ፎይል የሚሉት ይህን ነው። ሥራው የአውሮፕላን ክንፍ ሥራ ነው፤ ውሃ ግን ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ ትንሽ ክንፍ ሰው ይሸከማል።

ነገሩን ያመጣብኝ አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ አሳየኝ። ሰዎች ከጀልባ መቆሚያ ላይ ሰሌዳ ይዘው ሮጠው ይዘላሉ፤ ከዚያ በእግራቸው እየረገጡ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እያወዛወዙ ይሄዳሉ። ማዕበል የለም፣ ነፋስ የለም፣ የተኛ ውሃ ነው። «ጋሼ፣ ይሄማ ኮምፔንሳቶና አሉሚኒየም ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሒሳቡን እሱ ሠራው። ራሱ 62 ኪሎ፣ ሰሌዳና ዕቃው 8 ኪሎ። ሮጦ ሲዘል በሰከንድ 4 ሜትር ይሄዳል ብለን ያዝን። ፍጥነቱ በግማሽ ከቀነሰ ክንፉ የሚያነሳው ኃይል ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ለዝግታ ሰፊ ክንፍ ያስፈልጋል። 1,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ቆረጥን፤ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ መሃል ላይ 22 ሳንቲም። የጎኑን ቅርጽ አሜሪካኖቹ ናካ በሚባለው መሥሪያ ቤታቸው ድሮ ለአውሮፕላን ካወጡት ሰንጠረዥ ወሰድን። ፕሪንት ቤት ሄዶ አሳተመው። 22 መሆን የነበረበት 21 ሆኖ ወጣ፤ ማሽኑ ወረቀቱ ላይ እንዲገባለት አሳንሶታል። በሜትር ባልለካው ኖሮ በዚያው እንቀጥል ነበር።

ከሁሉም የወደድኩት ልጊያውን ነው። ባለ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሰባት ድርብ አጣበቅን። በመላጊያ ጀርባውን ማክበብ ስትጀምሩ የማጣበቂያው መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ተራራ ላይ እንደተሠራ እርከን። የግራው እርከን ከቀኙ ጋር ከገጠመ ክንፉ እኩል ነው። አንዱ መስመር ከወዲህ ሰፍቶ ከወዲያ ከጠበበ ገና የሚላግ እንጨት ይቀራል ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንጨት ራሱን በራሱ ሲለካ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ጎረቤቴ የመኪና ባምፐር የሚጠግንበት ፋይበርና ሬዚን። ሐምሌ ላይ ስለነበርን ሬዚኑ አልደርቅ አለ። ከሰል አንድደን ልናስጠጋ ስንል ጎረቤቴ ጮኸብን፤ የሬዚኑ ትነት ይቀጣጠላል። ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅን።

ስህተቴ የኋላው ክንፍ ላይ ነበር። እኔ የጠረጴዛ ሰው ነኝ፤ እግር ሁሉ እኩል መሸከም አለበት ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ የኋላውም ወደ ላይ እንዲያነሳ ቀና አድርጌ አሰርኩት። ልጁ ዘለለ፤ ሰሌዳው አፍንጫውን ደፍቶ ይዞት ወረደ። ለካ የፊተኛው ነው የሚሸከመው። የኋለኛው በጥቂቱ ወደ ታች እየተጫነ ሚዛን ይጠብቃል። ከብሎኑ ሥር ያለችውን ሮንዴላ ከኋላ ወደ ፊት አዛወርኳት። ብሎኖቹ በ6 ሳንቲም ይራራቃሉ፤ ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ወደ 1 ዲግሪ ታዞራለች። ልጁን ውሃ ውስጥ የምትከተው ወይም የምታቆመው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ምሰሶ የመስኮት ቱቦላሬ ነበር፤ ስሱ ስለሆነ ተጠማዘዘ። ወፍራም አገኘን፣ 75 ሳንቲም። ቀጥሎ ክንፉ ማፏጨት ጀመረ። የኋላ ጠርዙን ዱልዱም አድርጌ ትቼው ኖሯል። በብርጭቆ ወረቀት ሰያፍ አድርጌ ሳሳሳው ዝም አለ።

አሁን ወደ ባህሩ ልመለስ። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ፎርላኒኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ክንፍ ያለው ጀልባ ከውሃ በላይ ያስኬደው ማጆሬ በሚባል ሐይቅ ላይ ነው። (እሱስ ሞተር ነበረው፤ ይህቺን ለእናንተ ልተውላችሁ።) እኛ ደግሞ ቢሾፍቱ አለችን። ብዙዎቹ ሐይቆቿ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ስለሆኑ ከዳር ወዲያው ይጠልቃሉ፤ ምሰሶው መሬት አይነካም። ከባህር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው ግን ያው ውሃ ነው፣ ክንፉ ልዩነቱን አያውቅም። የአባ ሳሙኤል ግድብ ለእኛ ይቀርበን ነበር፤ የከተማውን ፍሳሽ በሚቀበል ውሃ ውስጥ ግን የሰው ልጅ አልከትም።

የጠፋው ባህሩ ሳይሆን መቆሚያው ነው። አንድ መዝናኛ ጥሩ የእንጨት መቆሚያ ነበረው። ሁለት ቅዳሜ ከፍለን ገባን፤ በሦስተኛው ጥበቃው «ይሄ መሣሪያ ነው» ብሎ ከበር መለሰን። ስለት የሚመስል ነገር በጨርቅ ጠቅልለን ስለመጣን ሰውዬውንም አልፈርድበትም። እስከዚያ ድረስ ልጁ ረጅም የሄደው 9 ሰከንድ ነው። የነፍስ አድን ጃኬት ለብሶ፣ እኔ ዳር ላይ ገመድ ይዤ እየጮህኩ።

መቆሚያ ያለውና የሚፈቅድልን አንባቢ ካለ በእናንተ በኩል ያሳውቀን፤ አራተኛው ክንፍ ቀለም ብቻ ቀርቶታል። የፎቶውን መግለጫ ደግሞ አርሙልን። ልጁ ገጹን ቆርጦ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ «ሞተር» የምትለዋን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዟታል።

አንባቢያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ