ዶልፊን የሚጫንበት ታንከር ሮቶ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ተክለሃይማኖት አካባቢ ብየዳ ቤት አለኝ፣ የሮቶ ማማ፣ የውሃ ቦቴ ጥገና፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የፋይበር ግላስ ስራ እንሰራለን። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ አንዱ ልጅ ጋዜጣችሁን ጮክ ብሎ ያነብልናል፣ ባለፈው ሳምንት ዶልፊንና አሳ ነባሪ በአውሮፕላን እንዴት እንደሚጓጓዙ የጻፋችሁትን ሲያነብ "አሳዎቹ ውሃ በተሞላ ዝግ ታንከር ውስጥ ተደርገው" የሚለው ጋ ሲደርስ አስቆምኩትና እስቲ ድገመው አልኩት። እንደዛ ነው የሚለው።

እኔ ባህር አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን አሰብ የነዳጅ ቦቴ ሲነዳ ኖሮ ወደቡ ላይ ዶልፊን ብቅ ብሎ ሲተነፍስ ሰምቷል፣ "ልክ እንደ በሬ እፍ ይላል" እያለ ይነግረን ነበር። ነገሩም እሱ ነው። ዶልፊን አሳ አይደለም፣ እንደኛ ሳንባ አለው፣ ልጁን ያጠባል፣ መተንፈሻው ቀዳዳ አናቱ ላይ ነው። እስከ አፉ ሞልታችሁ የከደናችሁት ታንከር ውስጥ ብትከቱት አየር አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ያ "ዝግ" የምትለው ቃል ትንሽ ስህተት አይደለችም፣ አንድ ልጅ አንብቦ እንደዛ ቢሰራው እንስሳው ይሞታል ማለት ነው።

ይሄን ያህል የሚያንገበግበኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የዛሬ ስድስት አመት ገደማ አንድ ደንበኛ ከዝዋይ ቆሮሶ አሳ በህይወቱ አዲስ አበባ ማምጣት እፈልጋለሁ ብሎ ታንከር አዘዘኝ፣ እኔም እንደ ትንሽ ቦቴ አድርጌ ሰራሁለት፣ ላሜራ ቆርጬ፣ ውሃው እንዳይናጥ በመሀል ቀዳዳ ያላቸው መከለያዎች በይጄ፣ ከላይ ክዳን አድርጌ። አንድ ጠብታ አያፈስም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደብረዘይት ሲደርስ ደወለና አብዛኛው ሞቷል አለኝ። ግቢ ገብቶ ሲከፍተው እጄን ሰድጄ አንዱን አወጣሁት፣ ጎኑ ላይ ቅርፊቱ ተልጦ ስጋው ይታያል፣ የላጠው እኔ በግራይንደር ያላስተካከልኩት የብየዳ ጫፍ ነው። ውሃው ደግሞ ለብ ብሏል፣ ለአየር ማስገቢያ ምንም አላሰብኩም። ገንዘቡን መለስኩለት፣ አሳው ግን ከአይኔ አልጠፋም። ከዛ ወዲህ ህይወት ያለው ነገር እንዴት እንደሚጫን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ ቪዲዮም አያለሁ፣ ዶልፊን ጋ የደረስኩትም በዚሁ ነው።

ቦቴ ስትሰራ የምትጀምረው ከውሃው ነው፣ ስንት ሊትር ይያዝ ትላለህ። የዶልፊን ታንከር የሚጀምረው ግን ከደረቱ ነው። ባህር ውስጥ ክብደቱን የሚሸከምለት ውሃው ነው፣ ጠንካራ ነገር ላይ ስታስተኛው ግን 200 ኪሎ የሚሆነው ገላው በራሱ ሳንባ ላይ ይጫናል፣ በቆየ ቁጥር መተንፈስ እያቃተው ይሄዳል። በ2022 (በፈረንጅ) ፈረንሳይ ሴን ወንዝ ውስጥ የጠፋ 800 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቤሉጋ (ነጭ አሳ ነባሪ)፣ ቀድሞውኑ በጣም ከስቶ የነበረ፣ በመረብ አውጥተው ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ወደ ባህሩ ሲወስዱት መንገድ ላይ አተነፋፈሱ እየባሰበት ሄዶ ሀኪሞቹ ከስቃዩ እንዲያርፍ አደረጉት። እሱን ካነበብኩ በኋላ ስራ መስራት አቅቶኝ ነው የዋልኩት።

ለዚህ ነው ቃሬዛ የሚሰሩለት። ለስለስ ያለ ጠንካራ ሸራ ነው፣ ለጎን ክንፎቹ ቀዳዳ ይወጣለታል፣ ከላይ በሁለት ዘንግ ይያዝና ታንከሩ ፍሬም ላይ ይንጠለጠላል፣ ውሃው ጎኑ ድረስ ይመጣና ክብደቱን ያቀልለታል፣ አናቱ ግን ምንጊዜም ከውሃ በላይ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስፖንጅ ይለብሳል። ቃሬዛው ሌላም ጥቅም አለው፣ ውስጡ መከለያ መበየድ ስለማትችል መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወይ አውሮፕላኑ ሲነሳ ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሮጣል፣ ቃሬዛው እንስሳውን ከግድግዳው ያርቀዋል። የታንከሩ ጠርዝ ከውሃው በደንብ ከፍ የሚለውም ውሃው ሲሮጥ እንዳይፈስ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የፈሰሰ ጨዋማ ውሃ ወለሉንም ሽቦውንም ይበላል።

ውሃ ብዙ ቢሆን ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። አስሉት እስቲ፣ ውስጡ 2.9 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ 70 ሴንቲ ብቻ ብትሞሉት የባህር ውሃው ከ2 ቶን በላይ ነው፣ ፍሬሙና እንስሳው ገና አልተጨመሩም፣ ፒኤምሲ የሚባለው የአውሮፕላን ፓሌት (ጭነቱ የሚታሰርበት ዝርግ መደብ) የሚችለው ደግሞ ጠቅላላ 6,804 ኪሎ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ታስቦባት ነው የምትጨመረው።

ሙቀት ደግሞ አለ። ከቆዳው ስር ያለው ወፍራም ስብ ቀዝቃዛ ባህር ውስጥ ያድነዋል፣ ከውሃ ሲወጣ ግን ያፍነዋል፣ ሙቀት የሚያስወጣው በክንፎቹና በጭራው ስለሆነ እነሱ መራስ አለባቸው፣ አብሮት የሚሄደው ሰው ቆዳውን በስፖንጅ ያረጥባል፣ ቅባት ይቀባዋል፣ የመተንፈሻ ቀዳዳውን ግን ጨርቅ አይሸፍነውም። ኬይኮ የሚባለው ኦርካ (ከዶልፊን ዘር ትልቁ) በ1996 (በፈረንጅ) ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ አሜሪካ ኦሪገን ሲሄድ ታንከሩ ውስጥ በረዶ ነው የጨመሩለት። እሱ ራሱ በ1998 ከ4 ቶን በላይ ሆኖ በሲ 17 ወታደራዊ አውሮፕላን አይስላንድ ተወሰደ።

ቁሳቁሱን ላሳጥረው፣ ዚንክ የተቀባ ላሜራ አይሆንም፣ ጨው ይበላዋል እንስሳውንም ይመርዛል፣ ፋይበር ግላስ ሆኖ ውስጡ እንደ ሲኒ ልሙጥ መሆን አለበት፣ ውጪው በቱቦላሬ ይታሰራል። እጃችሁን ዳር ዳሩን ስታስኬዱት የሚይዛችሁ ነገር ካለ ስራው አላለቀም፣ የኔን ቆሮሶ የላጠው እንደዛ ያለ ጫፍ ነው።

ሌላው ጽሁፋችሁ ያልነካው ነገር እንስሳው ራሱ መለማመዱ ነው። በ2019 ሊትል ግሬይና ሊትል ዋይት የሚባሉ ሁለት ቤሉጋዎች ከሻንጋይ አይስላንድ በጭነት አውሮፕላን ሲወሰዱ አስቀድሞ ቃሬዛ ላይ መተኛት ለምደው ነው የሄዱት። ያን ሁሉ መንገድ አይቶት የማያውቀው ነገር ውስጥ የታሰረ እንስሳ ከድካሙ ሌላ ፍርሀቱም ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ታንከሩ ከጉዞው ቀድሞ አልቆ መድረስ አለበት፣ እንደኛ ሰፈር ስራ ሊጫን ሲል ማታ ቀለም እየተቀባ መሆን የለበትም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ እርማት እንድታወጡ ነው። "አሳዎቹ" የሚለው ይስተካከል፣ "ዝግ" የሚለው ይውጣ። ልጆቹ ቅዳሜ ከሰአት ስራ አቁመው ስዕሉን በስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሰርተውታል፣ ቃሬዛው ከየት እስከ የት እንደሚንጠለጠል፣ ውሃው የት እንደሚቆም፣ ማፍሰሻው በየት በኩል እንደሆነ ሁሉ አለበት፣ ከላይ ክፍት የሆነውን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አክብበውታል። ማክሰኞ ወደ ፒያሳ ስለምወጣ ቢሯችሁ ድረስ ይዤው እመጣለሁ።

ከተክለሃይማኖት፣ አንባቢያችሁ