ለልጄ፦ ሲሎቹን ሳትፈትሽ ጊቤን እንዳትወርድ

ጅማ፣ መርካቶ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ያ ቲዋይ 175 ያማሃ መነሣቱን፣ ለመስቀልም ከአዲስ አበባ እየነዳኸው ልትመጣ ማሰብህን ነገረችኝ። ፎቶውንም ልካልኛለች። ታንኩ አምሮበታል፣ ቸርኬውም ራጂውም ያበራል፤ እጅህ ይባረክ። ከሁሉ መሀል ግን አንድ ነገር ብላለች፦ «ሲሞቅ ነዳጅ ሳይሰጠው ራሱ ይጮኻል፣ ካርቡሬተሩን ላስተካክለው ነው ይላል»። የኮሎዶካውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ሲሎች፣ አየር የሚከለክሉትን የላስቲክ ቀለበቶች፣ ቀይሯል ወይ ብላት የምትመልሰው አጣች። ቀይረህ ቢሆን ኖሮ ከቀለሙ በፊት እሱን እንደምትነግረኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላው ቢቀር ይህቺን ስማኝ፤ ሲሎቹን ሳትፈትሽ ጊቤን እንዳትወርድ።

ካርቡሬተሩን ለጊዜው ተወው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ካርተሩ (ኮሎዶካው የሚዞርበት ጓዳ) ራሱ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ቤንዚን፣ ዘይትና አየር ወደ ካርተሩ ይስባል፤ ሲወርድ ያንኑ ወደ ላይ ይገፋል። ያ ጓዳ ከካርቡሬተሩ በቀር በየትም በኩል አየር መሳብ የለበትም። በኮሎዶካው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ሲሎች ሥራቸው ይኸው ነው። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም ላስቲካቸው ይደርቃል፣ ከንፈራቸው ዘንጉን አቅፎ መያዝ ያቅተዋል። የቀኙ ሲል ፍሪሲዮኑ ጋ፣ ዘይት ውስጥ ነው ያለው፤ እሱ ሲበላሽ የማርሹን ዘይት ይስባል፣ ጢሱ ይነጣል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ የማርሹ ዘይት ሳይፈስ ይጎድላል። ቢያንስ ይናገራል። የግራው ግን ከቮላኖው (ዘንጉ ጫፍ ላይ ካለው ከባድ ተሽከርካሪ) ኋላ በደረቅ ቦታ ነው። እሱ የሚስበው ባዶ አየር ነው፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ሞቆ ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል። ከዚያ በፊት የሚሰጥህ ምልክት ካንዴላው አመድ መስሎ መንጣቱና ሲሞቅ ራሱ መጮኹ ብቻ ነው። እህትህ ሳታውቀው የነገረችኝ ይህንን ነው።

ለምን ጊቤን እንደማነሣ ደግሞ አስተውል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወልቂጤን አልፈህ የጊቤ ድልድይ ስትደርስ 1,100 ሜትር አካባቢ ነህ። አየሩ ወፍሮ ይጠብቅሃል፤ አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው ጄት (የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቀዳዳ) እዚያ ይቀጥናል፣ ለአየሩ ቤንዚኑ ያንሳል። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ነዳጁን ዘግቶ ይወርዳል። ጎማው ሞተሩን በኃይል ያሽከረክረዋል፣ ካርቡሬተሩ ግን ዝግ ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ነውና የሚመጣው ፒስተኑ ጋ የሚደርስ ዘይት የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ የግራው ሲል አየር ከሳበ ነገሩ አለቀ። ፒስተኑ ሲነክስ የኋላ ጎማው ይቆልፋል።

አጎትህ ለምን እንደሚያነክስ ታውቃለህ፤ እንዴት እንደሆነ ግን በወጉ የነገረህ የለም። በዚያ ዲቲ 125 ያማሃው ሊሙን፣ አጋሮን፣ ሰካን ሲዞርበት የኖረ ሰው ነው። ጊቤ ላይ ከመውደቁ አንድ ሳምንት በፊት ሞተሩ ሲሞቅ ይጮኽ ጀመር። የሠራለት ሰው የካርቡሬተሩን ብሎን አላልቶ ጩኸቱን ዝቅ አደረገለት፣ ገንዘቡንም ተቀበለ። ቁልቁለቱን ወርዶ ነዳጅ ሲከፍት ጎማው ቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ለመያዝ ጊዜ አልነበረውም። የዚያ ሞተር ሲል በልኩ እዚሁ መለዋወጫ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም። ሲያነክስ ባየሁት ቁጥር ያ ግድግዳ ነው የሚታየኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት፣ በዚያው ጩኸት።

እሺ፣ አሁን እጅህን ታጠብና ይህን አድርግ።

እህትህ ክሊኒክ ውስጥ ጨርቁ ያረጀ የደም ግፊት መለኪያ አይጠፋም። ጨርቁን ጥለህ የሚጨመቀውን ኳስና ሰዓቱን ብቻ ውሰድ። 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት 0.4 ባር ነው፤ ለዚህ ፍተሻ የሚፈለገውም እሱ ነው። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር እንዳታስጠጋው፤ ግፊቱ ከዚህ ብዙ ካለፈ ደህናውን ሲል ከቦታው ይነቅለዋል። ማርሚታውን አውርደህ የጢሱን ቀዳዳ በካላማዳሪያ ቁራጭና በጠፍጣፋ ብረት በብሎን ድፈነው። ካርቡሬተሩን አውጥተህ የመግቢያውን ላስቲክ ቱቦ መሀሉ በተበሳ ጎማ ውተፍና የኳሱን ቱቦ በዚያ አስገባ። በካንዴላው ቀዳዳ አትንፋ። ይህ ሞተር መግቢያው ላይ የሪድ ቫልቭ (ወደ ውስጥ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ምላስ) አለው፤ ከውስጥ ስትነፋ ሪዱ ይዘጋና የመግቢያው ላስቲክ ሳይፈተሽ ይቀራል። አሮጌ ያማሃ ላይ ደግሞ ያ ላስቲክ ከሥሩ መሰንጠቁ የተለመደ ነው፤ አጥፈህ እየው። ካንዴላው በቦታው ይጠበቅ፣ ፒስተኑ ታች ይሁን።

300 አድርሰህ ሰዓቱን ተመልከት። ጤነኛ ሞተር ላይ መርፌው አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በደቂቃ ከ50 በላይ ከወደቀ ቀዳዳ አለ፤ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባና አረፋውን ተከተል። የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ የሲሊንደሩን ሥር፣ የካርተሩን መገጣጠሚያ፣ የመግቢያውን ላስቲክ፣ ቮላኖው ከወጣ በኋላም የግራውን ሲል እይ። ለቀኙ የማርሽ ዘይት መሙያውን ከፍተህ በቀዳዳው ላይ የሳሙና ውሃ ዘርጋ፤ ካበጠ አየሩ በሲሉ እያለፈ ነው። ቮላኖውን በጥርሱ ልክ በሆነ መንቀያ ብቻ አውጣ። ጠርዙን በመዶሻ የሚመታ ሰው ከመጣ ሞተሩን ቀምተህ ወደ ቤትህ ሂድ፤ ኮሎዶካውን ያጣምምብሃል።

ሲሉን ስታወጣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ ዘንጉን ይጭረዋል፤ የተጫረ ዘንግ ላይ አዲስ ሲል አይሠራም። የሲሉን ብረት በቀጭን መሰርሰሪያ በትንሹ ብሳ፣ ትንሽ ብሎን አስገባና ብሎኑን ጎትት። መሰርሰሪያው ዘልቆ ኩሽኔታውን እንዳይነካ። አንዳንዱ ሲል በዙሪያው ካርተሩ ውስጥ የሚቀረቀር ቀለበት አለው፤ ያ ከሆነ በጉተታ አይወጣም፣ ካርተሩን መክፈት ግድ ነው። አዲሱን ስታስገባ ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ካርተሩ ውስጥ ይዙር፣ ከንፈሩን ግሪስ ቀባ፣ በዙሪያው ልክ በሆነ ቱቦ እኩል እየገፋህ አስገባ። ከመጠን በላይ አታስጥመው፤ ከኋላው ለኩሽኔታው ዘይት የምታቀብል ቀዳዳ ካለች ትዘጋለች።

ሁለቱንም ሲል በጠዋቱ አውቶቡስ ልኬልሃለሁ፤ ቡናው የአክስትህ ነው፣ ሲሎቹ ከፌስታሉ ታች በወረቀት ተጠቅልለዋል። ከአሮጌዎቹ ጋር አስተያይ። ሲል ላይ የሚጻፈው የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ነው፤ ሦስቱም ካልገጠሙ «ይቀርባል» ብለህ እንዳታስገባ፣ ደውልልኝ። ስለ ፒስተንም እንደዚሁ ነው። የዲቲውና የቲዋዩ አንድ ነው የሚልህ ነጋዴ ካለ በካሊፐር ሳትለካ ብር አታውጣ። ሲሊንደሩ መጀመሪያ 66 ሚ.ሜ ነው። ቶርኖ ቤት ካሰፋኸው በ0.25 ሚ.ሜ ነው የሚኬደው፤ ፒስተኑን መጀመሪያ ግዛ፣ ባለሙያው ፒስተኑን ለክቶ ሲሊንደሩን በእሱ ልክ ያስፋ። ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን አስገብተህ የጫፎቹን ክፍተት ለካ፤ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ይሁን። የፑንቲናው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው መክፈቻና መዝጊያ) ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚ.ሜ።

ዘይቱ ለመጀመሪያዎቹ ታንኮች ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 200። የሁለት ምት ዘይት ብቻ፣ የመኪና ዘይት አይሆንም። ጀሪካን ውስጥ አማስለህ ነው ወደ ታንኩ የምትቀዳው። «ለጥንቃቄ» ብለህ ዘይት አትጨምር፤ ዘይት በበዛ ቁጥር በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚያንስ ሞተሩ ይበልጥ ይቀጥናል። ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያስበው።

ታንኩን ከውስጡ አይተኸዋል? ከላይ ተቀብቶ ከታች የዛገ ታንክ ዱቄቱን ወደ ካርቡሬተሩ ይልካል፣ ጄቱም ይደፈናል። ኮምጣጤ ሞልተህ አንድ ቀን አሳድረው፣ ጥቂት ዳዶ ጨምረህ ናጠው፣ በቢካርቦኔት ውሃ እጠበው፣ ወዲያው አድርቀህ በዘይት አልብሰው። ከቀለም በፊት ነበር መሠራት ያለበት፤ እንግዲህ ኮምጣጤው ቀለሙን እንዳይነካ ጠንቀቅ በል።

ልጄ፣ ይህ ሞተር የተሠራው ለአስፋልት አይደለም፤ ለትራያል፣ ለድንጋይና ለዳገት ውድድር ነው። ዝነኛው ተወዳዳሪ ሳሚ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1964 የስኮትላንድን የስድስት ቀን ትራያል ያሸነፈው በ500 ሲሲው ባለ አራት ምት ኤሪየል ነበር። በ1965 ደግሞ ክብደቱ ቀላል በሆነው ቡልታኮ ሼርፓ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ያንኑ ውድድር ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ከባዶቹ ሞተሮች ዘመናቸው አለፈ። ያማሃ ሌላውን ተወዳዳሪ ሚክ አንድሩስን አምጥቶ ቲዋዮቹን ሲያሠራ፣ እሱም በ1974 እና በ1975 በያማሃ ሲያሸንፍ፣ ጉዳዩ ፍጥነት አልነበረም። ድንጋዩን በእግረኛ ፍጥነት አልፈህ እግርህን መሬት አለማስነካት ነው፤ አንዴ ከነካህ አንድ ነጥብ ይቆጠርብሃል፣ ከወደቅክ አምስት። ስለዚህ ማርሹ አጭር ነው፣ ታንኩ ትንሽ ነው፣ ፍሬኑ ከበሮ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ስታስጮኸው ለሱም ላንተም ቅጣት ነው። አይሱዙ ላይ ጭነህ ብታመጣው ደስታዬ ነው። እዚህ የጅሬን ዳገት አለልህ፣ የጎማውን አየር ከ0.4 ባር ዝቅ አድርገህ ድንጋዩ ላይ እንደልብህ ተጫወትበት።

እምቢ ካልክ፣ አንተ እንደሆንክ እምቢ ትላለህ፣ ከወልቂጤ ስትነሣ ዋናውን ጄት አንድ ቁጥር ከፍ ባለው ቀይረው፣ የመርፌውንም ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ታች አውርደው። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጣትህ ከፍሪሲዮኑ እጀታ አይነሣ። በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዘህ ነዳጅ ስጠው፣ ዘይት ይድረሰው። ድልድዩ ጋ ቆመህ ካንዴላውን አውጣ፤ ቡናማ ከሆነ ቀጥል፣ ከነጣ ከድልድዩ ማዶ ያለችውን የአበልቲ ዳገት እንዳትሞክራት፣ ደውልልኝና መኪና እልካለሁ። ግን ይህ ሁሉ ከፍተሻው በኋላ ነው። ሲሎቹን ሳትፈትሽ ጊቤን እንዳትወርድ።

ጃኬትህን አትርሳ፣ መስከረም ነው፣ ሰርቦ አካባቢ አሁንም ይዘንባል። አጎትህ ሰላም ብሎሃል።

ፍተሻውን እንደጨረስክ ሦስት ቁጥር በስልክ ላክልኝ፦ መርፌው ስንት ላይ ጀመረ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስንት ሆነ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላስ። ሐሙስ ማታ ድረስ እጠብቃለሁ።

እናትህ