ወደ ኬፋሎኒያ ለአባቴ ስለሸጣችሁት ቲኬት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳይመዘገብ ስለቀረ የዊልቸር ጥያቄና ሳይነገረን ለሁለት ተነጣጥሎ ስለተሸጠልን ቲኬት

አባቴ ግሪካዊ ናቸው። የተወለዱት በኬፋሎኒያ ደሴት፣ ማርቆፑሎ በሚባል መንደር ነው። በኦገስት 1953 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰሜኑ ፊስካርዶ በቀር የደሴቱን አብዛኛውን ቤት ሲያፈርስ ልጅ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሱቅ የነበራቸው አጎታቸው ወስደው አሳደጓቸው።

በማርቆፑሎ በየዓመቱ ከኦገስት 6 እስከ 15 ሰው የማይጎዱ ትናንሽ እባቦች በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይታያሉ። ምእመኑ በእጁ ይዞ ወደ ሥዕሏ ያቀርባቸዋል። ኦገስት 15 የሚውለው የእመቤታችን በዓል ሲያልፍ አይገኙም። የደሴቱ ሰዎች እንደሚሉት በ1940 እና በ1953 እ.ኤ.አ. አልታዩም፤ አንዱ ጦርነቱ የገባበት፣ ሌላው ምድር የተናወጠበት ዓመት ነው። አባቴ ከመንደራቸው የወጡት ባልታዩበት ዓመት ስለሆነ፣ በዚህ ዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ማየት ፈለጉ። ይህን ሁሉ ቢሯችሁ ተቀምጬ ለሠራተኛችሁ ተናግሬያለሁ። በሞላሁት ቅጽ ላይም ጉልበታቸው ደረጃ እንደማይችል፣ ዊልቸር እንደሚያስፈልጋቸውና ከነሐሴ 9 (ኦገስት 15) በፊት ደሴቱ ላይ መድረስ እንዳለብን በግልጽ ሰፍሯል። ቅጂው ተያይዟል።

አቴንስ ስንደርስ የሚጠብቀን ሰው አልነበረም። የአየር መንገዱ ሠራተኞች ቦታ ማስያዣውን ከፍተው ሲያዩ የዊልቸር ጥያቄ አልተመዘገበበትም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 መሠረት ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ላሳወቀ ተጓዥ አየር ማረፊያው ይህን እርዳታ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ማሳወቅ የእናንተ ሥራ ነበር፤ አላሳወቃችሁም። ዊልቸር ተፈልጎ እስኪመጣ አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሰው ፊት መቀመጫ መለመን የማይወዱ ሰው ናቸው፤ እኔን እንዳያስጨንቁ ብለው «ደህና ነኝ» ሲሉኝ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ከገንዘቡ ሁሉ በላይ ያሳዝነኛል።

በዚህ መሀል የደሴቱ በረራ አመለጠን። ያኔ ነው ቲኬቱ አንድ እንዳልሆነ ያወቅነው። ሁለት የተለያዩ ቦታ ማስያዣዎች ስለሆኑ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለብኝም አለ፤ የከፈልንበት ወንበር ተቃጠለ። በአንድ ቦታ ማስያዣ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው በረራ ይተኩን ነበር። በበዓሉ ሰሞን ደግሞ ትርፍ ወንበር አልተገኘም። በአውቶቡስ እስከ ኪሊኒ ወደብ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቱ ወደብ ፖሮስ ተሻግረን ማርቆፑሎ ስንደርስ ነሐሴ 10 ሆኗል። እባቦቹም ምእመኑም ሄደዋል።

ስመለስ በስልክ የተሰጠኝ መልስ «የመጀመሪያው አውሮፕላን ስለዘገየ ነው» የሚል ነው። አልቀበለውም። አውሮፕላን እንደሚዘገይ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለዚህም ነው ቲኬት በባለሙያ የምናስቆርጠው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ቲኬቱ ተነጣጥሎ እንደተቆረጠ አንድም ሰው አልነገረኝም። ቢነገረኝ ኖሮ ጨምሬም ቢሆን አንዱን እገዛ ነበር።

ስለዚህ የተቃጠለው ቲኬት ዋጋ፣ የአውቶቡሱ፣ የጀልባውና የአቴንሱ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ወጪ እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያችሁ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፤ ደረሰኞቹ ተያይዘዋል። የዊልቸሩ ጥያቄ ከቅጹ ወደ አየር መንገዱ ያልተላለፈበትን ምክንያትም በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እፈልጋለሁ። ይቅርታውን ግን ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ፣ ኃላፊው ራሳቸው ደውለው እንዲጠይቁ እሻለሁ። በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ